ልጄን ላመጣ ጮቄ ወጣሁ

ከተመለስኩ ጀምሮ ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ ከጨርቅ በፊት ወሬ ነው የሚጠይቀኝ። «ጎጃም እንዴት ነው? ብርዱስ? ተራራውስ?» ይሉኛል። እያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ቁራጭ ወሬ ይዞ ይሄድና ማታ ሰፈር ውስጥ ሲገጣጠም እኔ ያልሄድኩበት አገር ይሆናል። አንዷ እንዲያውም በረዶ አንሸራቶኝ እግሬን እንደተሰበርኩ ሰምታ፣ ሙዝ ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። እግሬ ደህና መሆኑን ስታይ ቅር ያላት መሰለኝ። ስለዚህ ልጻፈውና ይለይለት አልኩ። የድሬዳዋ ሰው ጮቄን ለማየት ብርድ ውስጥ እንደማይገባ አውቃለሁና፣ ባትሄዱም እንደሄዳችሁ አድርጌ ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ። ቤተልሔም አንድ ልጄ ናት። አባቷ ከሞተ በኋላ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ትምህርቷን ጨርሳ ደብረ ማርቆስ ለማስተማር ስትመደብ «አንድ ዓመት ብቻ ነው እማዬ» ብላኝ ሄደች፤ አንዱ ዓመት አራት ሆነ። የምታስተምረው እርሻ ነው፤ የምታጠናው ደግሞ ድንች። ድንች! እኛ ድንችን የምናውቀው ሳምቡሳ ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ ግን እግዚአብሔር ሰማኝና እዚሁ ድሬ ላይ የማስተማር ቦታ ተገኘላት። እመጣለሁ ወይም አልመጣም ብላ እስከ ሰኞ መልስ መስጠት ነበረባት። በስልክ ስጠይቃት «እያሰብኩበት ነው» ትለኛለች። ልጅ «እያሰብኩበት ነው» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ እናት ታውቃለች። ሱቄን ለእህቴ አስረክቤ ተነሳሁ።

ጉዞ ማሰናዳት ማንም አያስተምረኝም። የሰፈራችንን ሰው በየዓመቱ ቁልቢ የማደርሰው እኔ ነኝ። አውቶቡስ እከራያለሁ፣ ወንበር እደለድላለሁ፣ የዘገየውን ጥዬ እሄዳለሁ። ወንድሜን እንኳ አንድ ጊዜ ጥዬው ሄጃለሁ፤ እስከ ዛሬ በየበዓሉ ያነሳብኛል። ስለዚህ ገና ከቤቴ ሳልወጣ ሁሉም ነገር ታስቦ አልቋል። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ እንነሳለን፤ ለብቻችን መኪና እንከራያለን፤ ጮቄ ተራራ አናት ላይ ቆመን ፀሐይ ስትወጣ እናያለን። ቤቲ ስለዚህ ተራራ አውርታ አትጠግብም። በወጉ ትሰናበተውና እዚያው አናቱ ላይ የመጨረሻ ቃሌን እነግራታለሁ። ቃሌ አጭር ነው፤ «ብትታመሚ ማን ውሃ ያቀብልሻል?» የሚል። ለዚህ መልስ እንደማይኖራት እርግጠኛ ነበርኩ።

ሐሙስ

አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድሬ፣ ሐሙስ ንጋት ላይ የደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እስከ አፍንጫው ጋቢ ተከናንቧል። ጎሃ ጽዮንን አልፈን ወደ አባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ጋቢውን አወለቀ፤ ትንሽ ወረድ ስንል ኮቱን አወለቀ፤ በመጨረሻም በባርኔጣው ራሱን እያራገበ «ይሄን ሙቀት እንዴት ሰው ይችለዋል?» አለኝ። የኔ ሰውነት ደግሞ ገና መፍታታቱ ነበር። «እኛ አገር በዚህ ሙቀት ልጅ እናሳድጋለን» አልኩት። ድልድዩ ጋ ስንደርስ አውቶቡሱ ውስጥ ደስ ብሎት የተቀመጠ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ውሃው ግን አስደነገጠኝ። የኛ የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ውሃ የሚያየው ሲቆጣ ብቻ ነው። እዚህ ያ ሁሉ ውሃ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ተሳፋሪው ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ብርቱካን ይልጣል።

ሽቅብ ወጥተን ደጀን ስንደርስ ብርዱ ተመለሰ፤ የሰውዬው ጋቢም ተመለሰ። ሉማሜ ላይ አውቶቡሱ ለሻይ ቆመ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ አንዱ ሻይ ቤት ገብቼ «አንተ! ሻይ በቶሎ ስጠኝ፣ ቅመም ያለው!» አልኩ። ዞር ሲሉ ባለቤቱ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ናቸው። እኛ ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ብለን ነው የኖርነው፤ እዚህ ግን ገበሬው ሁሉ ቆሎ መቆርጠሙን ትቶ ያየኛል። ሽማግሌው ሻዩን አምጥተው ፊቴ አስቀመጡና «የየት አገር ሰው ነዎት?» አሉኝ።

«የድሬዳዋ።»

«እንግዲያስ ይሁን» አሉ፤ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። «የድሬ ሰው ሲወድም አንተ፣ ሲቆጣም አንተ ነው አሉ። የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«ሻዩን ከቀመስኩ በኋላ እነግርሃለሁ» ብዬ፣ ወዲያው ምላሴን ነክሼ «እነግርዎታለሁ» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሽማግሌው ሒሳብ አልቀበልም አሉኝ። ልጄን ልጠይቅ እንደምሄድ ስነግራቸው ደግሞ ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልለው «ለልጅዎ ይስጡልኝ፤ እናት ባዶ እጇን አትገባም» ብለው እስከ አውቶቡሱ በር ሸኙኝ። እኛ ሻይ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ስድብ ተሰድቦ ነበር የሚወጣው።

ደብረ ማርቆስ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ባጃጁ እንደኛው ነው፤ ተሳፋሪው ግን በጋቢ ተጠቅልሎ እንደ ዕቃ ነው የሚገባው። ቤቲ መናኸሪያ ቆማ ትጠብቀኛለች። ድሬ እያለች እንደ ሸንበቆ ቀጥ ያለች ቀጭን ልጅ ነበረች፤ አሁን ጉንጯ ሞልቶ ቀልቷል፣ ትከሻዋ ሰፍቷል። ሰው ተጎሳቁላ አገኛታለሁ ብሎ መጥቶ እንዲህ ሲያይ ደስ ሊለው ይገባል። እኔ ትንሽ ከፋኝ።

አርብ

ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ አድሬ በጠዋት ሥራዬን ጀመርኩ። ቤቲ ግን ዕቅዴን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማዬ፣ ጮቄ በዚህ ሰሞን ጭጋግ ነው። ለምን ሌላ ቦታ አንሄድም?»

«የት?»

«ወደ አባይ ወረድ ብንልስ? ሙቀት ነው፤ ትወጂዋለሽ።»

«አባይን በመስኮት አይቼዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ጮቄ ጮቄ ስትይኝ ከርመሽ ዛሬ ጭጋግ ሆነ?»

ብርድ ልብሶቹን ማጣጠፍ ያዘች። ቃሌን ፈርታ ነው ብዬ ልቤ ሞቀ።

ከሰዓት መኪና ፍለጋ ወጣን። ሙሉቀን የሚባል፣ አሮጌ ላንድክሩዘር ያለው ሾፌር አገኘን፤ ትሑት ሰው ነው፣ «እትዬ» ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ቁርጥ ያለ ነገር ነገርኩት፦ ጎህ ሳይቀድ መነሳት፣ መንገድ ላይ አለመቆም፣ ከሁለታችን ሌላ ሰው አለመጫን። «ለብቻችን ነው» አልኩት ሁለት ጊዜ። «ለብቻችሁ ነው እትዬ» አለኝ፤ በማግስቱ ይህች ቃል እንዴት እንደምትለጠጥ አየሁ።

ቀጥሎ ቦቲ ጫማ ልገዛ ገበያ ገባሁ። ባለሱቁ ሐጂ ሰይድ የጨርቅ ነጋዴ መሆኔን ሲሰሙ ወንበር አወጡልኝ። ነጋዴ ከነጋዴ ሲገናኝ መቼም ደንበኛ ይረሳል፤ ስለ ጅምላ ዋጋና ስለ ቀለሙ ስለሚለቅ ጨርቅ ስናወራ ሰዓቱ ነጎደ። ጮቄ እንደምወጣ ስነግራቸው ሹራቤን በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አድርገው «በዚህ?» አሉ። ከጓዳ የራሳቸውን የዝናብ ካፖርት አምጥተው አልበሱኝ። ልግዛው ብላቸው «የምሸጠው አይደለም፤ ሲመለሱ ይመልሱልኛል» አሉ። ካፖርቱ መሬት ይጠርጋል። ስሜንም አድራሻዬንም አልጠየቁኝም። እኔ እዚያ ድሬ፣ ታይዋን የምንለው ገበያ ላይ ይህን ባደርግ ካፖርቱን ደግሜ የማየው ሌላ ሰው ለብሶት ሲያልፍ ነው።

ቅዳሜ

ሙሉቀን በሰዓቱ መጣ። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አሰናድቼ፣ ካፖርቴን ለብሼ፣ በሩን ስከፍት የቤቲ አከራይ እማማ ስንዱ ሻማ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው የቅቤ ሽታ ይመጣል።

«እንግዳ ሳይቀምስ ከቤቴ አይወጣም» አሉ።

«እማማ፣ ፀሐይዋ ታመልጠናለች።»

«ፀሐይ ነገም ትወጣለች። ገንፎ ግን ሲቀዘቅዝ አይበላም።»

የቁልቢ አውቶቡስ ቢሆን ጥያቸው በሄድኩ። ገንፎውን ግን ቁጭ ብዬ ከነቅቤው ጨረስኩት፤ ሙሉቀንም ገብቶ እጁን ታጠበ።

ከከተማ ስንወጣ ሰማዩ ወገግ ማለት ጀምሯል። መንገድ ዳር አንድ ነጭ የጠመጠሙ ቄስ ጃንጥላ ተደግፈው ቆመዋል። ሙሉቀን ፍሬን ያዘ።

«ለብቻችን ተባብለናል!» አልኩ።

«ለብቻችሁ ነው እትዬ። አባ ደግሞ መንገድ ላይ ናቸው።»

«እና?»

«ቄስ ቆመው እያየሁ ባልፍ መንገዱ አይቀናኝም።»

አባ ጥበቡ ይባላሉ። ከፊት ተቀምጠው ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሐል ካደረጉ በኋላ ዞር ብለው ቤቲን አይተው «እንዴት አደርሽ የይታይሽ ልጅ? ድንቹ ደህና ነው?» አሏት። ቤቲን ሳል ያዛት።

«አባ፣ ይቺ የጥሩወርቅ ልጅ ናት» አልኳቸው። «ጥሩወርቅ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት?» ብለው ትክ ብለው አዩኝና መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ። «እንኳን እግዚአብሔር ለዚህ አበቃዎት።» ቤቲ መስኮቱ ላይ ተለጥፋለች። ቄሱ ዓይናቸው ደክሞ ሰው ያምታታሉ ብዬ አዘንኩላቸው። ሮብ ገበያ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ መርቀውን ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው አቀበት ነው። እኛ አገር ጥቅምት ሲገባ መሬቱ ይነጣል፤ እዚህ ገብሱ፣ የድንቹ ማሳ፣ አጥሩ ሳይቀር አረንጓዴ ነው። በየጥጉ ውሃ ይንፎለፎላል። ቤቲ በእያንዳንዱ ማሳ ላይ የምትለው አላት፤ ይሄኛው በሽታ ይችላል፣ ያኛው ቶሎ ይደርሳል። እሺ እሺ እያልኩ ሰማዩን ነው የማየው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ዛፉ እያነሰ፣ በመጨረሻ ጓሳ ሣርና ጅብራ ብቻ ቀረ። ጅብራ ከሰው የሚረዝም፣ ግንድ ያለው፣ አናቱ ላይ ቅጠሉን የሚዘረጋ ተክል ነው። ጭጋጉ መሐል ተበታትኖ ስለቆመ፣ ከመኪና ወርጄ ለአንዱ «እንደምን አደርክ» ልል ምንም አልቀረኝም።

ፀሐይ የለችም። ተራራ የለም። እጄን ስዘረጋ ጣቶቼን አያለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። ቀጠሮ የያዝኩት እኔ ነኝ እንጂ ፀሐይዋ አልተስማማችም ነበር። ቢሆንም እኔ የመጣሁት ለፀሐይ ብቻ አይደለም። እንቁላሉን ልጬ ለቤቲ ሰጠኋትና ጀመርኩ።

«ሰኞ ምን ልትያቸው ነው?»

«እማዬ...»

«ሥራሽን እንደምትወጂው አያለሁ። አገሩም ደግ ነው፤ ሁለት ቀን ብቻ ቆይቼ አይቻለሁ። ግን አንቺ እዚህ ባዳ ነሽ። ብትታመሚ ማን ውሃ ያቀብልሻል?»

እንቁላሉን እንደያዘች ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞላ። አሸነፍኩ አልኩ። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ይገባ ነበር...» ብላ ጀመረች፤ ያኔ ሰማዩ ተቀደደ። በረዶ! ድሬ ላይ በረዶ የምናየው ጭማቂ ውስጥ ነው፤ እዚህ እንደ ባቄላ እየሆነ አናታችን ላይ ይወርዳል። የሐጂ ሰይድን ካፖርት በሁለታችን ራስ ላይ ጥለን ወደ መኪናው ሮጥን።

ቁልቁል ስንወርድ መንገዱ ሳሙና ሆነ። አንድ መታጠፊያ ላይ ላንድክሩዘሩ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ቦይ ውስጥ ገብቶ ተጋደመ። ማንም አልተጎዳም። ሙሉቀን መሪውን እንደያዘ «እትዬ፣ ይቅርታ» አለ፤ ሰው ቦይ ውስጥ ሆኖም ትሕትናውን አይረሳም። ጎማው በከንቱ ይሽከረከራል። ከመንገዱ ከፍ ብሎ የሣር ክዳን ቤት ጭስ ይታያል። ቤቲ «ኑ» ብላ በረዶው ውስጥ ቀድማ ወጣች። መንገድ አልጠየቀችም፣ ያለ ምንም ማመንታት በአጥሩ መሐል ባለች ጠባብ መግቢያ ገባች።

ጥጃ የሚያህል ውሻ እየጮኸ ሲመጣ እኔ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ውሻው አልፎኝ ሄዶ ቤቲ ላይ ተንጠለጠለ። አልነከሳትም፤ እጇን ይልሳል፣ ጅራቱ ወገቡን ይዞ ይወዛወዛል። እሷም «ተው ቡቺ፣ ተው» ትለዋለች። ከዚያ የቤቱ በር ላይ ስትደርስ ጎንበስ አለች። በሩ ዝቅተኛ መሆኑን እኔ ያወቅኩት በግንባሬ ነው።

እሳት ዳር የተቀመጠችው ሴት በኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ጠይም፣ እጀ ሰፊ ናት። ዘላ ተነሳችና የቤቲን ጉንጭ በሁለት እጇ ያዘች። «ልጄ! በዚህ በረዶ?» አለች። ከዚያ እኔን አየች፤ ካፖርቱን፣ ጭቃውን፣ ግንባሬን። «እናትሽ ናት?»

«አዎ እማ» አለች ቤቲ።

እኔን «እማዬ» ነው የምትለኝ። ይቺን «እማ» አለቻት።

ሴትዮዋ አቀፈችኝ። «እህቴ፣ እንኳን መጣሽልኝ። ይታይሽ ነኝ። ስንት ጊዜ እናትሽን አምጪልኝ ብያታለሁ!» ጎጃም ከገባሁ ጀምሮ ሁሉም እርስዎ ሲለኝ ሰንብቶ፣ «አንቺ» ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። እሳት ዳር አስቀመጠችኝ፣ ጫማዬን አወለቀችልኝ፣ እግሬን በደረቅ ጨርቅ አሸችልኝ። ባሏ አቶ ልየው ሙሉቀንን አስከትለው ጎረቤት ሊጠሩ ወጡ። ቤቲ ሳትጠየቅ ከግድግዳው ላይ ኩባያ አውርዳ ትኩስ ወተት ቀዳችልኝ። ኩባያው የት እንደሚሰቀል ታውቃለች።

«ንገሪኝ» አልኳት ቤቲን። «አሁን።»

አንገቷን ደፋች። የነገረችኝ ይታይሽ ናት።

ከሁለት ክረምት በፊት ነው። ቤቲ የድንች ማሳዋን ለመከታተል እዚህ ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ ስትኖር ታይፎይድ ጣላት። ያን ሰሞን አስታውሳለሁ፤ ስልኳ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልሠራ ብሎኝ ኔትወርኩን ስረግም ነበር።

«ሌሊቱን ስትቃዥ እማዬ እማዬ ትላለች» አለች ይታይሽ። «የምትጠራው አንቺን ነው፤ ያለሁት እኔ ነኝ። ወዬ አልኳት። ምን ላድርግ? ዝም ልበላት? ሲነጋ ልየው ጎረቤት ሰብስቦ ቃሬዛ ሠሩ። ዝናብ ነው፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። አንዱ የማን ናት ቢል የኔ ናት አልኩ። የባዳ ልጅ ናት ብዬ ላሸክማት? በትከሻቸው እየተቀባበሉ መኪና መንገድ አደረሷት። እግዜር አተረፋት። እንግዲህ በሰው ፊት ልጄ ናት ብያለሁ፤ ስትድን ዋሸሁ ልበል? አባ ጥበቡ ባሉበት ማር አምጥቼ አውራ ጣቴን ነክሬ አጠባኋት። የጡት ልጄ ናት።»

የጡት ልጅ ለማታውቁ ልንገራችሁ። የሰውን ልጅ ልጄ ነህ ብለው ሲወስዱ ማር ያስነኩትን ጣት ያጠቡታል። ከዚያ ወዲያ ቀልድ የለም፤ በሠርጉም በሐዘኑም እንደ ወለዱት ነው፣ ዘመዳቸው ሁሉ ዘመዱ ነው። እኔ ይህን የማውቀው በወሬ ነበር።

ተቆጣሁ። ማመስገን እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ ግን ተቆጣሁ። «እኔ ሳልሞት ለልጄ እናት ተፈለገላት?» አልኩ። ድምፄ ቤቱን ሞላው። ቤቲ ማልቀስ ጀመረች። «እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ» አለች። «መታመሜን ብሰሚ በማግስቱ መጥተሽ ትወስጂኝ ነበር።» እውነቷን ነው፤ እወስዳት ነበር።

ይታይሽ አልተቆጣችም፤ ከረመጡ ውስጥ ድንች እያወጣች አመዱን በመዳፏ ታራግፋለች። «የወለድሽ አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ነይ ካልሻት ትሄዳለች፣ እኔ በዚህ ቃል የለኝም። ቦታ አገኘሁ ብላኝ ስንቋን ጀምሬያለሁ።» ተነስታ ከመደቡ ላይ አንድ የተጠቀለለ ነገር አመጣችና ጭኔ ላይ ዘረጋችው። ባና ነው፣ ከበግ ፀጉር የተሠራ፣ ጥቁር፣ እንደ ሰው የሚከብድ። «ክረምቱን ሙሉ ፈትዬ ያሠራሁት ነው። ድሬ ብርዱ እንዴት ነው?»

ሳቄ መጣ። መጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ ከዚያ መልኩ ተለወጠብኝና ፊቴን በባናው ሸፈንኩ። በግ በግ ይሸታል። ይቺ ሴት፣ ልጄ ወደ እቶን እንደምትሄድ አታውቅም፤ ባታውቅም እንዳይበርዳት ብላ ክረምቱን ሙሉ ስትፈትል ከርማለች። እኔም ድሬ ተቀምጬ ልጄ ውሃ የሚያቀብላት የላትም ብዬ እንቅልፍ ሳጣ፣ ውሃ ያቀበለቻት ሴት እዚህ ቁጭ ብላለች። ቃሌ ይኸው ነበር። አራት ዓመት ያዘጋጀሁት፣ ተራራ ድረስ ያወጣሁት ቃል ይኸው ነበር፤ መልስ አለው።

«ይታይሽ» አልኳት። «ይሄ ባና ድሬ ቢገባ ሰው ይገድላል።»

«እንዴ! እና ምን ይሻላል?»

«እዚሁ ትልበሰው።»

ቤቲ ቀና አለች። «እማዬ?»

«ሰኞ የልብሽን በያቸው። ለኔ ብለሽ እንዳትመጪ።» ይህን ስናገር ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። ደስ ብሎኝ አይደለም ያልኩት፤ አመመኝ። ግን ካልኩት በኋላ ድንቹን በሚጥሚጣ አጥቅሼ ስበላ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር በልቼ አላውቅም። የልጄን ድንች ያኔ ነው የገባኝ።

መኪናውን የመንደሩ ወንዶች በገመድ ጎትተው አወጡት። ሙሉቀን የኋላ ወንበሩን በድንች ከረጢት ሞላው፤ «ለብቻችሁ» የተባለው መኪና ላይ ደግሞ ገበያ የሚወርዱ ሁለት ሰዎች ተጨመሩ፤ እኔው ነኝ «ግቡ» ያልኳቸው። ይታይሽ ውሻውን አንገቱን ይዛ እስከ መንገዱ ሸኘችን። ጮቄን በመጨረሻ ያየሁት ከሮብ ገበያ ወዲህ ነው፤ ጭጋጉ ተነስቶ፣ በሙሉቀን የኋላ መስታወት ውስጥ።

እሁድ

ሐጂ ሰይድ ሱቃቸውን ከፍተው አገኘኋቸው። ካፖርቱን አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጥፌ አስረከብኩ። «ፀሐይዋን አዩዋት?» አሉኝ። «አላየኋትም» አልኩ። «ሳቅዎ ግን ያየ ሰው ይመስላል» አሉ። የድንቼን ግማሽ ለሳቸው ትቼ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ቤቲ ባናውን ትከሻዋ ላይ ጥላ ሸኘችኝ። አውቶቡሱ ሲነሳ እጇን አውጥታ ልታውለበልብ ስትል ባናው ከትከሻዋ ወረደ፤ ቶሎ ብላ አነሳችውና ጭቃውን አራገፈች።

ሰኞ ማታ ደወለች። «አልመጣም አልኳቸው እማዬ» አለች። «አውቃለሁ» አልኳት፤ ስልኩን ዘግቼ ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ ድንች ቀቀልኩ።

ትናንት ጎረቤቴ ፋጡማ ሱቅ ገብታ፣ ገና ሳትቀመጥ ነው የጀመረችኝ። «አንቺ፣ ልጅሽን ሳታመጫት መጣሽ አሉ! በዚያ ብርድ፣ በዚያ ባዳ አገር፣ ማን ጋ ትተሻት መጣሽ?»

«እናቷ ጋ» አልኳትና የጠየቀችኝን ጨርቅ መለካት ጀመርኩ።